ግማሽ ኢንች የሰፋው ቸርኬ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
መስከረም 26 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለስሂን፣

እንዴት ሰንብተሻል? የሲያትል ዝናብስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ቢሆን ብርዱ ሲመጣ ነው የሚያስታውሰኝ።

ስልክ እያለ እማዬ ምን ነክቷት ደብዳቤ ትጽፋለች እንደምትዪ አውቃለሁ። ስልኩን ስላላመንኩት ነው። ስደውልልሽ የገዛ ድምፄ ተመልሶ ይመጣብኛል፤ ስፒከር ላይ አድርገሽኝ መሆኑ ገብቶኛል። ክፍሉ ውስጥ ከአንቺ ሌላ ማን እንዳለ ደግሞ በምን አውቃለሁ? ባለፈው ሰሞን አንድ ሰው ሲያስል ሰማሁና ማነው ብልሽ ቴሌቪዥን ነው አልሽኝ። እሺ፣ ቴሌቪዥኑ ጉንፋን ይዞት ይሆናል። ደብዳቤ ግን ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው የሚከፍተው፤ ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝኩ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በሚያዝያ ከአዲስ አበባ አስመጣሽኝ፤ ሻንጣዬን በቅጡ ሳልፈታ በግንቦት ለሥራ ብለሽ ወደ ሲያትል ሄድሽ። ኤርፖርት ላይ አቅፈሽኝ በጆሮዬ ያልሽኝን አልረሳሁም። «እማዬ፣ ከዓብዩ ላይ ዓይንሽን አትንቀዪ። እሁድ እሁድ የት እንደሚሄድ እዪልኝ። አንድ ነገር ካገኘሽ በቃኝ፣ የፍቺውን ወረቀት እፈርማለሁ» አልሽኝ። ልጄ ነሽና አመንኩሽ። እሱ አማቼ ነው፤ አማች ደግሞ ምን ቢወደድ የሌላ ሰው ልጅ ነው።

ሥራዬንም ታውቂዋለሽ። አዋሽ ኬላ ላይ ስንት ዘመን የመንገደኛ ዕቃ ስፈትሽ ኖርኩ። እኔ ጡረታ ወጣሁ እንጂ ዓይኔ አልወጣም። እንዲያውም አንዳንዴ እኔን ናፍቀሽ ሳይሆን ለዚህ ዓይኔ ብለሽ ያስመጣሽኝ ይመስለኛል። ይሁን፣ እሱንም ሠራሁልሽ።

ነገሩ የጀመረው በጎማ ነው። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከማድረቂያው ጀርባ፣ አራት ጎማ ከነቸርኬው ተደርድሯል። መኪናችሁ ደግሞ ውጭ በራሷ አራት ጎማ ቆማለች። እስኮርታዋም ከኋላ በቦታው አለ። አንድ ሰው በስንት ጎማ ነው የሚሄደው? የተደረደሩት እያንዳንዳቸው በጥቁር ከረጢት እንደ ሕፃን ተጠቅልለዋል። ገልጬ ሳይ ጥርስ የሚባል ነገር የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በጣቴ ስነካቸው እንደ ማስቲካ ይይዛሉ። ጥርስ የሌለው ጎማ ይጣላል እንጂ በከረጢት ይጠቀለላል እንዴ?

እሁድ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ እነዚያን ጎማዎች መኪናው ውስጥ ይጭናል። የት ነው ስለው «ማዘር፣ መኪና ልነዳ ነው» ይለኛል። መኪና ለመንዳት ጎማ ጭኖ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ማምሻውን ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ፣ ልብሱ የተቃጠለ ጎማ እየሸተተ ይመለሳል፤ ደግሞ ደስ ብሎት። ሚስቱ ሩቅ ሆና ደስ የሚለው ባል አልወድም። አንድ ቀን የመኪናው በር ላይ በሰማያዊ ፕላስተር የተለጠፈ ቁጥር አየሁ፤ በማግስቱ ቁጥሩ የለም። ቁጥር የሚለጠፍባትና የሚነሳላት መኪና አዋሽ ብትመጣ ኖሮ መቀመጫዋን ሳናወልቅ አናሳልፋትም ነበር።

ይህን ሁሉ ደውዬ ነገርኩሽ። «ጎማ? የምን ጎማ? እኔ እንጃ እማዬ፣ ተከታተዪው» አልሽኝ። ይህቺን ቃልሽን ያዢልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ከዚያ ንጉሡ መጣ፤ ያ የሲልቨር ስፕሪንጉ ጓደኛው፣ ሲስቅ ቤቱን የሚያናውጠው። ሁለቱ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔም አንሶላ የማጥፍ መስዬ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

«ሰፋ ያለ ቢሆን እኮ ኮርነር ላይ ሙጭጭ ነው የሚልልህ» አለ ንጉሡ። «ደግሞስ ማን ይፈትሻል? ቼክ የሚያደርግህ የለም!»

የዓብዩን መልስ ማድረቂያው ዋጠብኝ። «ማን ይፈትሻል» የሚለውን ግን አጥርቼ ሰማሁ። ልጄ፣ ይህን ቃል ሰምቼ ዝም ብዬ የተቀመጥኩበት ዘመን የለም።

በማግስቱ ዓብዩ ወደ አርሊንግተን ሥራው እንደሄደ ገባሁበት። አዋሽ ላይ ሲጋራውም ሽቶውም የእጅ ሰዓቱም በጎማ ሆድ ውስጥ ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አንከባለልኳቸው፣ አንኳኳኋቸው፣ ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኳቸው፣ አሸተትኳቸው። ምንም የለም። ምንም ያልተገኘበት ዕቃ ደግሞ ይብሱን ያሳስበኛል። ቸርኬውን ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ የፍሬን አቧራ ተጋግሯል፤ በአቧራው ላይ ደግሞ የደረቀ ማጣበቂያ ነገር አለበት። የተደበቀ ነገር ያለበት ቦታ እንዲህ ነው የሚመስለው። ሙቅ ውኃ፣ ሳሙናና የድስት ሽቦ ይዤ መፈተግ ጀመርኩ።

ጥቁሩ ሲለቅ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር ብቅ አለ። አስራ አምስት ይላል፣ ቀጥሎ ስድስት ተኩል። የምን ቁጥር እንደሆነ አላወቅኩም፤ ሰው የሸፈነው ቁጥር መሆኑ ግን ይበቃኝ ነበር። ሌላውንም ፈተግኩ፣ ያው ነው። ፍተጋው ይዞኝ ጭልጥ ብሎ፣ ቀና ስል ዓብዩ ከሥራ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል።

«ማዘር፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ጎማህን እያጠብኩልህ» አልኩት፣ ሽቦውን ይዤ። «ይልቅ ይሄ ቁጥር ምንድነው? ማነው የሸፈነው?»

ተንበርክኮ አየው። በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ ሌላውን ገለበጠ፣ ሌላውን ደግሞ ገለበጠ፣ «ኖ፣ ኖ፣ ኖ» እያለ። የተያዘ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እሱ ግን ቤቱ ተሰብሮ ያገኘ ሰው ነው የመሰለኝ። ማጠቢያው ማሽን ላይ ተደግፎ ቁጭ አለና እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

«ማዘር፣ እኛ ኦቶክሮስ ነው የምንነዳው። ባዶ ፓርኪንግ ላይ ኮን ተደርድሮ፣ በኮኑ መሀል ማን በትንሽ ሰዓት ይወጣል ነው። የኔ ክላስ ስቶክ ይባላል፤ መኪናዋ ከፋብሪካ እንደወጣች መሆን አለባት። ጎማ የፈለግነውን መምረጥ እንችላለን። ይሄ መሬት የሚይዝ ጎማ ነው፣ መንገድ ላይ ከተነዳ ቶሎ ስለሚያልቅ እዚያ ሄደን ነው የምንቀይረው። ቸርኬው ግን ቁመቱም ስፋቱም ከፋብሪካው ጋር አንድ መሆን አለበት። የኛ መኪና ስድስት ኢንች ነው። ይሄ ስድስት ተኩል ነው። ቺቲንግ ነው፣ ማዘር።»

«እና ለምን ገዛኸው?»

«ፌርፋክስ ካለ ሰውዬ ነው የገዛሁት፣ በሐምሌ። ክብደቱ ቀለል ስላለ ወደድኩት። ስድስት ነው አለኝ፣ አመንኩት፣ አልለካሁትም። ጎማው ቀደም ብሎ በደንብ ተመርጦ የተገዛ ነው፤ ቸርኬው ነው ጉድ የሠራኝ።»

ጎማውን ማን እንደመረጠው አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ግማሽ ኢንች ያህል አሳየሁት። «ለዚህች ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«ጎማው ሰፋ ብሎ ይቀመጣላ፣ ኮርነር ላይ ይይዛል» አለኝ። ቀጥሎም «ከሐምሌ ወዲህ ያሸነፍኩት በዚህ ነው። እኔ እኮ መንዳቴ የተሻሻለ መስሎኝ ነበር» አለኝ። አንጀቴን በላው። ግን ፊቴን አላሳየሁትም፤ አንጀት የሚበሉ ኮንትሮባንዲስቶችም አይቻለሁ።

ንጉሡ ጋ ደወለ። እሱ ስፒከር ላይ ያደረገው እኔ እንድሰማ ነው። «ብሮ፣ ዝም በል በቃ!» አለ ንጉሡ። «አንደኛ ነህ፣ ሲዝኑ ሊያልቅ ነው። ማን ያውቃል?»

«ማዘር ያውቃሉ።»

«ማዘር ምን ያውቃሉ? ጎማ እያጠቡ!»

«ያን ቀንም ነግሬሃለሁ» አለው ዓብዩ። «ማንም ባይፈትሽ እኔ አውቀዋለሁ።» ማድረቂያው የዋጠብኝ መልስ ለካ ይሄ ኖሯል።

እኔ ግን ቃል ብቻ አይበቃኝም። ተናገርም አላልኩት፣ ደብቅም አላልኩት። ኬላ ላይ «የሚያስመዘግቡት ዕቃ አለ?» ብለን እንጠይቅና ዝም እንል ነበር። ሰው የሚለየው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዝም አልኩት። እሁድ ሲደርስ እኔም እሄዳለሁ አልኩ። መስቀል ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው እሁድ ነበር፤ ቅዳሴ ቀረብኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ነጠላዬን ለብሼ ከፊት ተቀመጥኩ፤ የተያዙት ቸርኬዎች ከኋላዬ ተጭነዋል። መንገዱን ሙሉ በመስታወት አያቸው ነበር።

ቦታው የአንድ ትልቅ ስታዲየም መኪና ማቆሚያ ነው። ሰዉ ሁሉ የመኪናው በር ላይ ቁጥር ለጥፎ፣ ክሪክ አውጥቶ ጎማ ሲፈታ ጎሚስታ ሰፈር የገባሁ መሰለኝ። በድብቅ የሚያገኛት ሴት ትኖር እንደሆነ ዓይኔ ዞረ፤ ዓብዩን ዞር ብላ ያየች አንዲት ሴት አልነበረችም። እሱ መኪናውን አቁሞ ቸርኬዎቹን ሳያወርድ በቀጥታ ጥላ ሥር ወደተቀመጠች ሽበታም አሜሪካዊት ሄደ፤ ኃላፊያቸው ናት። ተከተልኩት። እንግሊዝኛው ሁሉ ባይገባኝም የሚበቃኝን ያህል ገባኝ። ቸርኬው ሰፊ ነው አላት። ከሐምሌ ጀምሮ ያለውን ውጤቴን ሰርዙልኝ አላት። «አር ዩ ሹር?» አለችው። «የስ» አላት። ሴትየዋ መነጽሯን አውልቃ አየችውና እጇን ዘረጋችለት። አንደኛ የነበረው ልጅ እዚያው ቆሞ መጨረሻ ሆነ።

ንጉሡ ፊቱን አዞረ፣ ተሳደበ፣ መኪናውን በእግሩ ነካ አደረገ። ከዚያ የጎማ መፍቻ አምጥቶ፣ መኪናዋ የቆመችባቸው የፋብሪካ ጎማዎች ብሎናቸው መጥበቁን አብሮት ያይ ጀመር። ጥሩ ልጅ ነው ለካ፣ አፉ ነው እንጂ።

ልጄ ሆይ፣ እዚህ ድረስ ሆዴ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ያቺ ሽበታም ሴት ግን ወደ እኔ መጣች። ፊቴን አየችና «ዩ ማስት ቢ ስሂንስ ማዘር!» ብላ አቀፈችኝ። ቁርጥ እኔን መምሰልሽን እኔም አውቃለሁ፤ ስምሽን ግን ያቺ ሴት ከየት ታውቀዋለች? የቀረውን ንጉሡ ተረጎመልኝ።

«ስሂን የት ጠፋች ትላለች። አምና እሷ እኮ ናት እዚህ ሁላችንንም የቀጣችን። እነዚያን ጎማዎችም እሷ ናት የመረጠችው፣ ማዘር፣ አልነገረችዎትም እንዴ? ስንት ዓይነት አወዳድራ! ሜትር ሳትይዝ ቸርኬ አትነካም ነበር። እሷ ብትኖር ይሄ ጉድ መች ይመጣል?»

«ነግራኛለች» አልኩት። ዋሸሁ። በሰው ፊት ላዋርድሽ አልፈለግኩም።

ዓብዩ ከመኪናው ኋላ ሁለት ሄልሜት አወጣ። በአንደኛው ግንባር ላይ በፕላስተር «ስሂን» ተብሎ በአማርኛ ተጽፎበታል። የእጅ ጽሑፍሽን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማውቅ እናት ነኝ። «ማዘር፣ ሰው አብሮ መግባት ይፈቀዳል፤ ይሞክሩታል?» አለኝ። እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ግን የአንቺ ወንበር ላይ ምን እንደሚሰማ ማወቅ ፈለግኩ። ነጠላዬን አጣጥፌ ገባሁ፤ ሄልሜትሽን አጠለቀልኝ።

ሰፌድ ላይ እንዳለ ምስር ተንገዋለልኩ። ቅዱስ ሚካኤልን ጠራሁት፣ ቀጥሎ አባትሽን ጠራሁት፣ ቀጥሎ ዓብዩን ሰደብኩት። ሲቆም ሁለታችንም እየሳቅን ነበር። ከዚያ እሱ ሳቁን አቆመና ወደ ኮኖቹ እያየ፣ «ስሂን እዚህች መታጠፊያ ላይ ሁልጊዜ ፍሬን አትንካ ብላ ትጮህብኝ ነበር» አለ። ሄልሜቱን ቶሎ አላወለቅኩም። ዓይኔን እንዲያይ አልፈለግኩም።

ወደ ቤት ስንመለስ ድልድዩ ላይ «ማዘር፣ ስሂን ለገና ትመጣለች አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ስጠይቅ ነው የኖርኩት። እሁድ ዕለት ተጠያቂዋ እኔ ነበርኩ። «እሷን ጠይቃት» አልኩት። «እጠይቃታለሁ፣ ታይም የላትም መሰለኝ» አለኝ።

አሁን ወደዚያች ቃልሽ ልመለስ። «የምን ጎማ?» አልሽኝ። በእጅሽ መርጠሽ፣ በሜትር ለክተሽ ያስገዛሽውን ጎማ ነው እኮ፣ ስሂን! የእሁዱን መንገድ ጠንቅቀሽ እያወቅሽ እኔን በሙቅ ውኃና በድስት ሽቦ አስፈተግሽኝ። እሁድ ማታ ደግሞ ደውዬ ባልሽ ንጹህ ነው ስልሽ ዝም አልሽ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ። ከዚያ «በደንብ ፈትሸሻል?» አልሽኝ። ባሏ ንጹህ ሆኖ የተገኘላት ሴት እልል ባትል እንኳ ተመስገን ትላለች። አንቺ ግን ያዘንሽ መሰለኝ። እንዲገኝበት ፈልገሽ ነበር እንዴ፣ ልጄ?

ስለ ሥራዬ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። አዋሽ ላይ አውቶቡስ ስናስቆም ጠጋ ብሎ «ያ ሰውዬ የያዘውን ሻንጣ እዩት» የሚለን ተሳፋሪ አይጠፋም ነበር። እናመሰግነውና መጀመሪያ የምናየው የጠቋሚውን ወንበር ሥር ነበር። አለቃችን ሲቀጥረን ያስተማረን የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው። ስንት ዘመን ስሠራበት ኖሬ፣ ጠቋሚዋ አንቺ ስትሆኚ ረሳሁት።

የአንቺን ወንበር ሥር አላይም። እጄ እምቢ ይለኛል። ቴሌቪዥኑ ዛሬም ያስል እንደሆነ አልጠይቅሽም። ያ ልጅ ማንም ሳይፈትሸው የያዘውን ራሱ አውጥቶ አስመዘገበ፤ ይህን በዓይኔ ስላየሁ ነው የምነግርሽ። አንቺም የያዝሽውን ራስሽ ንገሪው፣ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት። ከዚያ ወረቀቱን ብትፈርሚም እጅሽን አልይዝም፤ እናትሽ ነኝ፣ የትም ብትወድቂ የምሰበስብሽ እኔ ነኝ። ግን ጥፋቱን በእሱ ላይ አትጻፊው። እሱን ፈትሼዋለሁ።

ተቆጥቻለሁ። ናፍቀሽኛልም። ሁለቱም እውነት ነው።

የአዋሽን ሐሩርና አቧራ በሰላም ያሳለፈኝ አምላክ አንቺንም ካለሽበት ያሳልፍሽ። ቀና ብለሽ ሰው ዓይን የምታዪበት ቀን ያምጣልሽ። ብቻሽን ከማልቀስ ይሰውርሽ፤ ካለቀስሽም እኔ ባለሁበት ያድርገው።

የምትሳሳልሽ እናትሽ
ዘነበወርቅ

ሄልሜትሽን አጥቤ ማድረቂያው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ስምሽ ያለበትን ፕላስተር በውኃ ልነቅለው ስል ዓብዩ እንዳልነካው ለመነኝ። መጥተሽ ወይ አድርጊው፣ ወይ ፕላስተሩን በእጅሽ ንቀዪው።